ወንድሜ መቁረጫ የመረጠ ጊዜ

ያ ክረምት ሲነሳ ዛሬም ጆሮዬ ይሞላል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ከላይ ይደበድባል፣ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ከታች፤ ማን እንደሚያሸንፍ አይታወቅም ነበር። ሰው እንደሆነ አሸንዳ ትዝ የሚለው ጣሪያው ያፈሰሰ ቀን ነው፤ የወንድሜ በር ላይ ጃንጥላ እንደ እንጉዳይ ይበቅላል። ደስ ይል ነበር። ብርዱም ጭቃውም አይታወቀንም፤ ያኔ ገና ጉልበት ነበረና።

ወንድሜን ሰፈሩ «ሽቦ» ነው የሚለው፣ ከቅጥነቱ የተነሳ። ከቤቱ ጎን ባለች አንዲት ክፍል አሸንዳ፣ ባልዲና የጭስ መውጫ ይሠራል። ግራኝ ነው። መቀሱ ደግሞ ለቀኝ እጅ የተሠራ ነውና ሠላሳ ዓመት ሲታገለው ኖሮ፣ በዚያ ክረምት የግራ እጁ አንጓ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ሐኪሙ አገላብጦ አይቶ፣ «ጋሼ፣ በመቀስ መቁረጡን ካልተዉ ይህ እጅ ነገ ማንኪያም አይይዝልዎትም» አለው።

ሽቦ ሥራ ፈትቶ ሊቀመጥ? የማይታሰብ ነው። መቁረጫ ማሽን ልግዛ ብሎ ተነሳ። እኔንም «እትዬ፣ አንቺ ሰው ሲዋሽ ታውቂያለሽ» ብሎ አስከተለኝ።

ሱቁ ስንደርስ ሻጩ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰረውን፣ ረጅም እጀታ ያለውን አሳየን። በቀኝ እጁ ጎተት ሲያደርገው ላሜራው እንደ ወረቀት ለሁለት ሆነ።

«ይሞክሩት።»

ወንድሜ በቀኙ ሞከረ፤ መስመሩ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። በግራው ሞከረ፤ ክርኑ ጎኑን ወጋው፣ አንጓውም «ውይ!» አሰኘው።

«በኤሌክትሪክ የሚሠራም አለን» አለ ሻጩ።

«መብራት የጠፋ ቀን እኔና እሱ ተፋጠን ልንውል?»

ጥግ ላይ በእግር የሚረገጥ፣ እንደ አልጋ የሰፋ ማሽን ቆሟል። ሽቦ ላሜራ አስገባና ረገጠ። ቸክ! ፊቱ በራ።

«እትዬ፣ እግሬ እኮ ግራኝ አይደለም!»

«ክፍልህ ግን ጠባብ ናት።»

«እለካታለሁ።»

ሳምንቱን ሙሉ የማሽኑን ቅርጽ በጠመኔ ወለሉ ላይ ሥሎ ዙሪያውን ሲመላለስ ከረመ። ሚስቱ፣ «እስቲ ዞሬ ልለፍ፣ የሌለው ማሽን ቀሚሴን እንዳይዝብኝ» እያለች ታሾፍበታለች። ማሽኑ መጣ፤ ልክ ጠመኔው ላይ ቁጭ አለ። ሽቦ አጨበጨበ። ከዚያ ባለ ሁለት ሜትሩን ላሜራ አስገብቶ ገፋ ሲያደርግ፣ ጫፉ ከማሽኑ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ገጭ!

ማሽኑን ለክቷል፣ ላሜራውን ረስቷል። አልፈርድበትም። ዕድሜውን ሙሉ ላሜራውን ወለል ላይ ዘርግቶ በጉልበቱ እየዳኸ የቆረጠ ሰው ነው፤ እሱ ይሄዳል እንጂ ላሜራ ይሄዳል ብሎ አስቦ አያውቅም። ማሽኑን ወዲህ ቢያዞሩት በር፣ ወዲያ ቢያዞሩት መደርደሪያ።

በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ድንገት ስትገባ ተንበርክኮ መቀሱን ይዞ አገኘችው። አንጓው ተመልሶ አብጧል።

«ከእኔ ነው የምትደበቀው?» አለችው።

እሷ ወጥታ መሮና መዶሻ ይዛ ተመለሰች፤ ከማሽኑ ጀርባ ግድግዳውን ትፈለፍለው ጀመር። ከግድግዳው ወዲያ ሳሎናቸው ነው።

«ኧረ አንቺ ሴት! አበድሽ እንዴ? ቤታችን እኮ ነው!»

«ግድግዳ ይደፈናል። እጅህስ ተመልሶ ይለሰናል?»

እስከ ማታ ድረስ ላሜራው የሚያልፍበት፣ ከሁለት ክንድ የሚረዝም አግድም ስንጥቅ ከፈተችለት። ከዚያ ወዲህ ሳሎን ቁጭ ብለን ስንጫወት፣ ከግድግዳው ወዲያ «መጣሁ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሁላችንም እግራችንን እንሰበስባለን፤ ላሜራው እንደ ምላስ ብቅ ይላል። አንድ ጊዜ ለጥየቃ የመጡ የሚስቱ አጎት፣ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ፣ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ወንበር ላይ ቆመዋል። እንዴት እንደሳቅን! እብጠቱም በሁለት ወሩ ሟሸሸ፤ መቀሱን ዳግመኛ ሲያነሳ አላየሁትም።

ያን ቤት ከለቀቁ ቆይተዋል። አሁን ሴት ልጃቸው ጋ፣ ከአውቶቡስ ጣቢያ ጀርባ ባለው መንደር ይኖራሉ፤ ማሽኑም ጓሮ ውስጥ ዳስ ሥር ተተክሏል። ባለፈው ወር ስደውል ስልኩን ያነሳችው ሚስቱ ናት። ሽቦ ጓሮ ነበር፣ ለጎረቤት አሸንዳ ይቆርጥ ነበር።