ተቀምጠው የሚያድሩት መሪጌታ

ደብረ ማርቆስ፣ ሆስፒታል ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት መሪጌታ ከደብረ ወርቅ የመጡ ናቸው። ነጭ ጥምጥማቸው እንከን የለውም፤ የጋቢያቸውን ጫፍ ግን ደጋግመው ይጠቀልላሉ። ለዓመታት ሲያቃጥላቸው የኖረው ቃር የምግብ ቧንቧቸውን እንደለወጠው ሐኪሟ ነግራቸው መውጣታቸው ነው።

«ካንሰር አይደለም አለችኝ» አሉኝ። «ካልተከታተሉት ግን ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ በየቀኑ ነው፤ ቧንቧውም በአፍ በሚገባ ካሜራ በየጊዜው ይታያል።»

«እንቅልፍስ ይወስድዎታል?» አልኳቸው።

«ጋደም ስል ስለሚያንቀኝ ግድግዳ ተደግፌ ነው የማድረው። አገሬው በጸሎት የማድር ይመስለዋል፤ ጉልበቴን እየሳመ ይመርቁኝ ይላል። እኔም ደስ አለኝና ዝም አልኩ።»

የጋቢያቸውን ጫፍ ለቀው ተነሡ።

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ከመካከላቸው እንደኔ የሚያቃጥለው ካለ ሳይውል ሳያድር ይታከም።»