ልጄ በልቦለዷ የገደለችው አባት

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ ልቦለድ እየጻፈች መሆኑን የሰማሁት ከእናቷ ነው። "ቅዳሜ ሬኒየር ቢች ኮሚዩኒቲ ሴንተር ታነባለች፤ እኔ ሺፍት አለብኝ፣ አንተ እንዳትቀር" አለችኝ። መንገደኛ የማመላልስበትን የሻትል ሹፌር ዩኒፎርም እንኳ ሳልቀይር ከኤርፖርት በቀጥታ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ።

የምታነበው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ታሪኩም ቀልድ የበዛበት። አንዲት የሲያትል ልጅ ባቡር ውስጥ እንቅልፍ ይወስዳታል። ባቡሩ ከዋሻው ሲወጣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር፣ የመኳንንት ጭፈራ መሀል ራሷን ታገኛለች። የሰጧትን ማራገቢያ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ "ሃሎ" ስትል አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ እኔም ሳቅኩ። ቤት ውስጥ በአንድ ቃል የምትመልስልኝ ልጅ እንዲህ ሰው ታስቃለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቀጥሎ ጭፈራው ላይ ያለች አንዲት ትልቅ ወይዘሮ ልጅቷን "አባትሽ ማን ናቸው?" ብላ ጠየቀቻት።

"ሞቷል፤ ገና ሕፃን ሳለሁ።"

"ነፍስ ይማር። ርስቱስ ለማን ደረሰ?"

ሰዉ እንደገና ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት "ያንተ ልጅ ናት? እግዜር ያሳድግልህ" አሉኝ። "አሜን" አልኩ።

ሌክ ሲቲ ወዳለው ቤታችን ስንመለስ ሃይዌይ ላይ "ቆንጆ ነው ያነበብሽው። ግን አባቷን ለምን ገደልሽው?" አልኳት።

"ዳዲ፣ ስቶሪ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ። ለምን ግን?"

ስልኳን አስቀመጠች። "ሶ... አባቷ እዚህ እየጠበቃት ከሆነ መመለስ አለባት አይደል? እሱ እየጠበቀ እሷ እዚያ ስትጨፍር ብትኖር፣ የሚያነበው ሰው ይጠላታል።"

እኔ ከአገር ስወጣ አባቴ በሕይወት ነበሩ። ሁለት ዓመት ሠርቼ እመጣለሁ ብያቸው ነበር። በስልክ "መቼ ነው?" ሲሉኝ "ዘንድሮ" እላለሁ፤ በዓመቱም "ዘንድሮ"። አፈር ያለበሳቸው ወንድሜ ነው። ልጄ አያቷ መሞታቸውን እንጂ ስንት ዓመት እንደጠበቁኝ አታውቅም።

"ተቆጣህ? ከፈለግክ ቼንጅ አደርገዋለሁ" አለችኝ።

"ተዪው። ልክ ነሽ።"

በሳምንቱ እራት ላይ ሁሉንም ነገርኳት። ሹካዋን እንደያዘች አዳመጠችኝ። ስጨርስ "እና ለምን አልሄድክም?" አለች። የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝም ልል ነበር። ግን አባቴ በሕይወት በነበሩባቸው የመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት ፓስፖርቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።

"አላውቅም" አልኳት።

ትንሽ አየችኝና ሳህኗን አንስታ ተነሳች። ልቦለዱን አሁንም እየጻፈች ነው። የቀረውን አላነበበችልኝም፤ እኔም አንብቢልኝ ለማለት አልደፈርኩም።