ወገቡ የማይዘጋው ቀሚስ

በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ከከንፈሯ መሃል ሁለት ሦስት እስፒል ስለማይጠፋ የቲያትር ቤቱ ሰው ሁሉ «እትዬ እስፒል» ይላት ነበር። የቲያትር ቤቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ክፍሏ ከመድረኩ ጀርባ ሦስት ደረጃ ተወርዶ የምትገኝ፣ አንድ መስኮት ያላት ጠባብ ቤት ነበረች፤ ገና በሩ ሲከፈት የካውያና የእርጥብ ሱፍ ሽታ ሰውን ይቀበላል። ከስፌት መኪናው ጀርባ የወታደር ካፖርት፣ የዳኛ ካባና የሙሽራ ቀሚስ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ይሰቀላሉ።

እዚያ በጸሐፌ ተውኔትነት ስቀጠር ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል አራት ዓመት ተምሬያለሁ፤ ነገሩን በቅጡ ያስረዳችኝ ግን እሷ ናት። አዲስ ተውኔት ሲመጣ ሁለት ጊዜ ታነባለች። መጀመሪያ ቅንፎቹን በጣቷ እየከለለች ሰዎቹ የሚናገሩትን ብቻ፤ ቀጥሎ ንግግሩን ትታ ቅንፍ ውስጥ ያለውን ብቻ፤ ማን እንደሚገባ፣ ማን ፊቱን እንደሚያዞር፣ ማን ዝም እንደሚል።

«ለምንድን ነው የምትነጣጥዪው?» አልኳት አንድ ቀን።

«በአፉማ ሁሉም ጀግና ነው» አለች፣ እስፒሎቹን ሳታወጣ። «ይኸን ሰውዬ እየው። ‹ማንንም አልፈራም› ይላል። ቅንፉ ደግሞ ‹የኮቱን ቁልፍ ይነካካል› ይላል። እኔ ታዲያ ያቺን ቁልፍ ላላ አድርጌ ነው የምሰፋለት።»

ሳቅኩባት። በማግስቱ ልምምድ ላይ ተዋናዩ ያቺን ቁልፍ ሲያሽከረክር፣ ፍርሃቱ እስከ መጨረሻው ወንበር ሲደርስ አየሁና አፈርኩ።

አንድ ቀን ተዋንያኑ ምሳ ወጥተው ሳለ የረሳሁትን ደብተር ፍለጋ ተመለስኩ። እትዬ እስፒል መድረኩ ላይ ብቻዋን ቆማለች። ለተውኔቱ ንግሥት የሰፋችውን ቀይ የከፋይ ቀሚስ ለብሳለች፤ ወገቡ አልዘጋ ብሏት ከኋላ በእጇ ይዛዋለች። ለባዶዎቹ ወንበሮች ቀስ ብላ እጅ ነሳች። ከዚያ ከወንበሮቹ አንዱን መርጣ ፈገግ አለችለት። ሳልታይ ወጣሁ። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለብኝም።

በሚቀጥለው ዓመት አንድ አስቂኝ ተውኔት ጻፍኩ። ውስጡ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። ሁለተኛው ገቢር ላይ እንዲህ የሚል ቅንፍ አስገባሁ፦ (ሰው አለመኖሩን አይታ የእመቤቷን ቀሚስ ትለብሳለች። ወገቡ አይዘጋላትም። ለባዶ ወንበር እጅ ትነሳለች።)

አታነበውም ብዬ ነው ማለት አልችልም። እዚያ ቤት እንደ እሷ ቅንፍ የሚያነብ ሰው አልነበረም። ግን የሕዝቡን ሳቅ አስቀድሜ ሰምቼው ነበርና ሌላ ነገር አልሰማ አለኝ።

ስክሪፕቱ በደረሳት በሦስተኛው ቀን አስጠራችኝ። እስፒሎቹን ከአፏ አውጥታቸዋለች።

«ተቀመጥ እስቲ፣ ደራሲው። አንድ ነገር አልገባ ብሎኝ ነው።»

«ምኑ ነው፣ እትዬ?»

«ይቺ ሰፊህ። ስትናገር ኮራ ያለች ናት። እመቤቲቱን ‹ልክሽን ከአንቺ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ› ትላታለች። ደስ ትላለች። ቅንፉ ውስጥ ግን መሳለቂያ ናት። የትኛዋን ላልብስልህ?»

«ሁለቱም እሷ ናት እኮ። ገጸ ባሕርይ ሕይወት የሚኖረው ውስጣዊ ቅራኔ ሲኖረው ነው» አልኩ። የመምህሬን ድምፅ ከራሴ አፍ ሰማሁት።

«እሱስ ልክ ነህ። ወገቡ ቢዘጋላት ግን ምን ይጎድልብሃል?»

«አያስቅማ።»

«እሺ፣ አይዝጋ። እጅ መንሳቱን ብቻ ተወው። ጉልበቷን ባጠፈች ቁጥር ስፌቱ ይተረተርብኛል ብዬ ነው።»

ነገሩ የስፌት አለመሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ትጠቀልላለች። አፍ ሌላ እጅ ሌላ ሲናገር የትኛውን ማመን እንዳለብኝ ያስተማረችኝ ራሷ ናት።

«ፈጠራ ነው፣ እትዬ። ማንንም አስቤ አይደለም።»

«ማንን አሰብክ አልኩህ?» አለችና ወደ መኪናዋ ዞረች። ቀሚሱን ሰፋችው። እንዳይተረተር ስፌቱን ድርብ አድርጋ።

የመጀመሪያው ትርዒት እሁድ ከሰዓት ነበር። ተዋናይቷ ጉልበቷን ስታጥፍ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የመብራት ሠራተኛው ከመጋረጃው ጎን ጎሸም አደረገኝና «ቁርጥ እትዬ እስፒልን» አለኝ። እሷ ከኛ ሁለት እርምጃ ርቃ፣ የሦስተኛውን ገቢር ኮት ክንዷ ላይ አድርጋ ቆማለች። ተዋናይቷ ስትወጣ ኮቱን አለበሰቻት፣ ኮሌታውን አቃናችላትና ደረጃውን ወረደች።

በማግስቱ አዘጋጁ ቢሮ ሄጄ «ያንን ቅንፍ ላወጣው አስቤ ነበር» አልኩት።

«ጤና የለህም እንዴ? ሰው የሚመጣው ለእሱ ነው» አለኝ።

ደስ አለኝ። ዛሬም ብቻዬን ስሆን የሚያሸማቅቀኝ መከልከሉ አይደለም፤ በመከልከሌ ደስ መሰኘቴ ነው። ተውኔቱ ስምንት ወር ታየ። ስምንት ወር ሙሉ ያንን ቀሚስ ተኩሳ የምታቀብለው እሷ ነበረች።

ጡረታ የወጣች ዕለት ልምምድ አዳራሹ ውስጥ ኬክና ለስላሳ ቀረበ። ንግግር እንዳደርግ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ወረቀቴ ላይ ይቅርታ የሚጠይቅ አንድ አንቀጽ ነበር፤ ሌሊቱን ሳይሆን ሳምንቱን ሙሉ ስሰርዝ ስደልዝ የከረምኩበት። ስለ ትጋቷ አነበብኩ፣ ስለ እጇ ጥበብ አነበብኩ። እዚያ አንቀጽ ላይ ስደርስ ቀና ብዬ የሥራ ባልደረቦቼን አየሁና ዘለልኩት። ተጨበጨበ።

ሲበተን ወደ እኔ መጣች። «ጥሩ ተናገርክ። ወረቀቱን ስጠኝ፣ ለማስታወሻ ላስቀምጠው።»

«ስርዝ ድልዝ በዝቶበታል፣ እትዬ። በንጹሕ ገልብጬ አመጣልሻለሁ» አልኩና ኪሴ ከተትኩት።

«እሺ፣ የኔ ልጅ» አለች።

ቤቷ ከቲያትር ቤቱ ሁለት ፌርማታ ብቻ ነበር። አልወሰድኩላትም።