አምስተኛው ካርድ

ወልድያ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የተቀጠርኩት ኮሌጅ እንደጨረስኩ ነው። መደቤ «የኔትወርክ ባለሙያ» ይባል እንጂ እውነተኛው ባለሙያ ሌላ ሰው ነበሩ፤ ከመርሳ በየቀኑ እየተመላለሱ የሚሠሩ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ወጣትነታቸውን የስልክ እንጨት ላይ ሲወጡና ሲወርዱ የጨረሱ ሰው። እንደ ግቢው ሰው ሁሉ ጋሼ እላቸው ነበር።

የሚይዙት ትልቁን ስዊች ነው። የየቢሮው ኮምፒውተር፣ ስልኩ፣ ከክልል ጋር የሚደረገው የቪዲዮ ስብሰባ፣ ሁሉም መስመር የሚገናኘው እዚያ ነው። ቁመቱ እስከ ወገቤ የሚደርስ የብረት ሳጥን ሲሆን ካርዶቹ እንደ መሳቢያ ከላይ ወደ ታች ተደርድረው ይገቡበታል። አንዱ ሲበላሽ እሱን ብቻ ስቦ መቀየር ነው። ሳጥኑን እሳቸው እንደ መካኒክ «ሻንሲ» ይሉታል። ከካርዶቹ መካከል ሁለቱ ሌሎቹን የሚመሩ ናቸው፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይጠባበቃል። ሁለቱም ከጠፉ ግቢው በሙሉ ድዳ ይሆናል።

ጥሩ አስተማሪ ነበሩ። ካርድ ከመንካቴ በፊት ብረቱን ያስጨብጡኛል፤ ገላ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ካርዱን እንዳይገድለው። ብሎን ሲፈቱ አይቸኩሉም፣ እኔም ስሳሳት አይቆጡም። አንድ ነገር ብቻ ይገርመኝ ነበር። ካርድ ሲፈልጉ በየካርዱ ላይ የሚበራውን ትንሽ መብራት አያዩም። ጣታቸውን በካርዶቹ እጀታ ላይ ከላይ ወደ ታች እያንሸራተቱ ይቆጥራሉ። ጽሑፍ ሲመጣ ደግሞ «መነጽሬን መርሳ ረስቼው መጣሁ፤ እስቲ አንብቢልኝ» ይላሉ። ያንን መነጽር አንድም ቀን አላየሁትም።

አንድ ቀን ከሥራ ወጥተን ወደ መናኸሪያ አብረን ስንወርድ ባጃጅ ከጎን መጣ። እሳቸው ቀጥ ብለው ገቡበት። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳቸው፤ ሾፌሩ ተሳድቦ አለፈ።

«ጋሼ፣ አላዩትም እንዴ?»

«ከጎን የሚመጣ ነገር ከጠፋኝ ቆየ» አሉ። «አሁን አሁን የፊቱም እየደበዘዘ ነው። ቀዩን መብራት ከአረንጓዴው መለየት ካቃተኝ ዓመት ሊሆነኝ ነው።»

«ሐኪም ምን አለዎት?»

«ሞራ ቢሆን ይገፈፍ ነበር፤ ያንተ ግን ነርቩ ነው የሞተው አለኝ።» እጄን አጥብቀው ያዙ። «ለሰው እንዳትነግሪብኝ፣ ልጄ። ቤት ከዋልኩ ያልቅልኛል።»

«አልናገርም» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲያ መብራቱን የማይ እኔ ሆንኩ፤ የሚፈቱትና የሚያስሩት እሳቸው። ለወራት ማንም አላወቀብንም።

ኋላ ተጠባባቂው ካርድ ተበላሸ። ምትኩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንታት ጠበቅን። እሳቸው ሐራ ከተማ ለቅሶ ሊደርሱ በሄዱበት ቀን ከአዲሱ ሕንፃ የሚመጣውን መስመር የሚቀበል ሌላ ካርድ አስገባሁ። ያስገባሁት ከካርዶቹ ሁሉ በላይ፣ ባዶ ሆኖ በኖረው ቦታ ነው። ቀላል ሥራ ነበር። ሲመለሱ ልነግራቸው አስቤ ረሳሁት።

ምትኩ የደረሰ ዕለት የቪዲዮ ስብሰባ ስለነበር እኔ አዳራሽ ሆኜ መስመሩን እጠብቅ ነበር። «ስብሰባው ሲያልቅ አብረን እንቀይረዋለን» ብያቸው ነው የሄድኩት። እኔ ከሄድኩ በኋላ ኃላፊያችን በማሽኑ ክፍል በኩል ሲያልፉ «ዕቃው መጥቶ ምን ትጠብቃላችሁ?» አሏቸው አሉ። ጋሼም እኔን እየጠበቁ መሆናቸውን መናገር አልፈለጉም። ብሎን መፍቻውን አነሡ።

ከክልል በስክሪኑ የሚናገሩት ባለሥልጣን አፋቸውን እንደከፈቱ ደርቀው ቀሩ። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ። ሮጥኩ።

ጋሼ ተንበርክከው፣ ይሠራ የነበረውን ካርድ በሁለት እጃቸው ይዘው አገኘኋቸው። ተቀብዬ መለስኩት። ማሽኑ እስኪነሣ ደቂቃዎች ይፈልጋል።

«ተጠባባቂው አምስተኛው ነው» አሉ። «አምስት ቆጥሬ ነው የሳብኩት።» ጣታቸው እንደገና ከላይ ጀመረ፤ ወርዶ ወርዶ ታች ቆመ። «ስድስት ሆነዋል» አሉ በዝግታ። «ላይ አንድ ገብቷል።»

መብራቶቹ አንድ በአንድ ሲበሩ እያየሁ ቆምኩ።

በዚያው ሳምንት ግምገማ ተጠራ። ያ ዘመን ሰው ስሕተቱን በጉባኤ ፊት የሚዘረዝርበት ዘመን ነው። አንዱ ተነሥቶ «የበላይ አካል እየተናገረ መስመር የተቆረጠው በስሕተት ነው ወይስ ታውቆ?» አለ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው እስከ ማሳሰር እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን። እጄን አወጣሁ።

«አውቀው አይደለም። ዓይናቸው አያይም» አልኩ።

ላድናቸው ነው ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። ግን ካርዱን የጨመርኩት እኔ እንደሆንኩ አልተናገርኩም። ያም ያድናቸው ነበር።

ሰብሳቢው «እውነት ነው?» ብለው ጋሼን ጠየቋቸው።

«እውነት ነው።»

«የሚጨምሩት ነገር አለ?»

ፊታቸውን ድምፄን ወደሰሙበት መለሱ። አንገቴን ደፋሁ።

«የለኝም» አሉ።

በሕመም ምክንያት ተሰናበቱ። ቦታቸው ለእኔ ተሰጠ።

መርሳ ሄጄ የጠየቅኳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደጃፋቸው ባለች ማንጎ ሥር ተቀምጠዋል፤ ከስተው ሸሚዙ ሰፍቷቸዋል። ባለቤታቸው ማንጎ ቆርጠው አቀረቡልኝ። ጋሼ ስለ ማሽኑ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ስለ እናቴ ጤንነት፣ ስለ ወልድያ ዝናብ፣ ስለ መንገዱ አወራን። ሦስት ጊዜ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ሦስት ጊዜም ሌላ ነገር አወራሁ። ስወጣ እስከ አጥሩ ድረስ ግድግዳውን እየተደገፉ ሸኙኝ። «ሥራሽን አትፍሪ» አሉኝ።

በዐቢይ ጾም መካከል ዐረፉ። መርዶው የደረሰኝ ከተቀበሩ በኋላ ነበር። ድንኳን ገብቼ ከባለቤታቸው ጎን ተቀመጥኩ።

«በግምገማ ያዳነችኝ እሷ ናት እያለ ያነሣሽ ነበር» አሉኝ፤ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው።

ያኔ አልቻልኩም። «እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነበር» አልኩ። ካርዱን፣ ቆጠራውን፣ ዝምታዬን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋሼም ያውቁ እንደነበር ጨመርኩ።

ስጨርስ የነጠላቸውን ጫፍ አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«እሱ እያለ ብትነግሪው ይሻል ነበር» አሉ። «ለእኔ አሁን ምን ልሁንሽ ብለሽ ነው የምትነግሪኝ?»

ከሐራ በኩል የመጡ ለቀስተኞች ደጅ ላይ ዋይታቸውን ሲያሰሙ ባለቤታቸው ትከሻዬን ተደግፈው ተነሡና ሊቀበሏቸው ወጡ።