ሰባት ጊዜ የተሞከሩት ዘበኛ

መርሳ ለቅሶ ደርሼ ወደ ወልድያ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ደክሞኝ ስለነበር ወሬ አልፈለግሁም፤ እሳቸው ግን ገና ሳንነሳ ጀመሩ።

«የመጋዘን ዘበኛ ነኝ፣ ልጄ። ሰባት ጊዜ ሞከሩኝ፤ ሰባቱንም አለፍኩ።»

«ምን ሞከሩዎት?»

«ሥራውን ነዋ። በየሁለት ወሩ ‹የሙከራ ቅጥር› የሚል ደብዳቤ ይመጣልኛል። ጎረቤቶቼ ‹ሙከራው› እያሉ ይስቁብኛል። እነሱን አንዴም የሞከራቸው የለ።»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔን ሳቅ እምቢ አለኝ። ሕጉ ሰውን ለአንድ ሥራ መሞከር የሚፈቅደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ከስድሳ የሥራ ቀን ላልበለጠ ጊዜ። ይህን በቃሌ አውቀዋለሁ። እንጀራዬ ሰው መቅጠር ነው።

«አሁን ወዴት ነዎት?» አልኳቸው።

«ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፤ ሐኪሙ ሊገፍልኝ ቀጠሮ ሰጥቶኛል። ፈቃድ ብጠይቅ ‹ሙከራ ላይ ያለ ሰው ፈቃድ የለውም› አሉኝ። ወልድያ ያለችውን የደብዳቤዬን ፈራሚ ልለምናት ነው። ሰባት ጊዜ ያሳለፈችኝ ሴት ይቺን አትከለክለኝም። እስቲ ስሟን አንብቢልኝ።»

ከኪሳቸው ደብዳቤውን አውጥተው ሰጡኝ። ስሙም ፊርማውም የእኔ ነው።

«ደብዝዟል፣ አባቴ፤ አይነበብም» አልኩ።

«ግድ የለም፣ አላህ ያውቃታል» አሉና እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። «ያ ረቢ፣ ለእኔ የሠራችውን አይተህ የእጇን ስጣት።»

ሚኒባሱ በሙሉ «አሚን» አለ። እኔም አልኩ።