ከጉሙ ውስጥ የመጣው አሜን

ይህ የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ኢሕአዴግ ከገባ አራት ወይም አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ደርሶብኛል፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ይህቺን የነሐሴ ጠዋት ግን ልርሳት ብልም አልሆነልኝም፤ ሳስታውሳት አሁንም ፊቴ ይግላል።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ሴት ነበርኩ። ቀን ቀን መሥሪያ ቤት ታይፕ እመታለሁ። እሑድ እሑድ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ባለች በቆርቆሮ በተሠራች የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መዘምራኑን እመራለሁ። ድምፄ ጥሩ ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ሰዉ ድምፄ ጥሩ መሆኑን ይነግረኝ ነበር፤ እኔም እንዳይረሱት አስታውሳቸው ነበር።

አንድ እሑድ ሰናይት የምትባል አዲስ ዘማሪ ዜማውን ሳተች። በምእመናኑ ሁሉ ፊት ማይክራፎኑን ከእጇ ነጠቅኩና "አንቺ ሂጂ ተቀመጪ!" አልኳት። ልጅቱ እያለቀሰች ወጣች፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጠርተው ይቅርታ እንድጠይቃት ነገሩኝ።

"እውነት ስለተናገርኩ ነው ይቅርታ የምጠይቀው?" ብዬ እምቢ አልኩ።

ለስድስት ወር ከአገልግሎት ታገድኩ። እገዳዬ ጉባኤው እየሰማ ተነበበ። ያነበቡት የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ወልዴ ነበሩ፤ በደርግ ጊዜ ስለ እምነታቸው የታሰሩ፣ ሁሉም የሚያከብራቸው ሰው። ከፊት ተነስቼ የኋላው አግዳሚ ላይ ስቀመጥ ጆሮዬ ይጮህ ነበር። ጋሽ ወልዴን የዚያን ዕለት ጠላኋቸው። ጥላቻው እያደር ባሰብኝ እንጂ አልቀነሰም። በመጨረሻ ቆረጥኩ፤ ሦስት ቀን ጾሜ እጸልያለሁ፣ ከዚያ የመሸኛ ደብዳቤዬን ተቀብዬ ሌላ ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ።

በእኛ ዘንድ ጭንቅ ያለበት ሰው ወደ እንጦጦ ይወጣል። ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቶ፣ አንዱን ዛፍ ተጠግቶ፣ ጮክ ብሎ ይጸልያል። ሰው ይሰማኛል ተብሎ አይታፈርም። ሌላ የሚጸልይ ሰው በቅርብ ከሰሙ ደግሞ፣ ማንም ይሁን ማን፣ "አሜን" ብሎ ማገዝ የተለመደ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ወጣሁ። ዳገቱን ጨርሼ ዞር ስል ከተማው የለም። ጉሙ ቀበናንም የካንም ሸፍኗቸዋል። የየካ ሚካኤል ደወል ሲደወል ከታች ይምጣ ከላይ መለየት አቃተኝ። ዛፎቹ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፣ አልፌያቸው ስሄድ መልሰው ይጠፋሉ። ከወዲያም ከወዲህም ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዷ ታመሰግናለች፣ ራቅ ብሎ በኦሮምኛ የሚዘምር አለ። ሰው ግን አንድም አይታይም። እህል ካልቀመስኩ ሁለተኛ ቀኔ ስለነበር ሰውነቴ ቀሎኛል። እየሄድኩ ይሁን እያለምኩ እርግጠኛ አልነበርኩም። እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር። ለጥቂት ጊዜ ለምን እንደመጣሁም ረስቼው ነበር።

ከዚያ ትዝ አለኝ። አንድ ወፍራም ዛፍ ተደግፌ ጀመርኩ። መጀመሪያ በለሆሳስ ነበር፤ ቀስ በቀስ ድምፄ ከፍ አለ።

"ጌታ ሆይ፣ አንተ ታያለህ! ወልዴን ስበረው!" አልኩ። "ጋሽ" የምትለዋን እንኳን ትቻታለሁ። "ትዕቢቱን አውርድ!"

"አሜን!" አለ አንድ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ።

ደጋፊ በማግኘቴ በረታሁ። "ልቡ ድንጋይ ነው፣ ጌታ ሆይ!"

"አሜን! አዎ፣ ድንጋይ ነው!"

"ሳትሰብረው እንዳትተወው!"

"አሜን! ሳትሰብረኝ እንዳትተወኝ!"

ድምፁ እገዳዬን ያነበበው ድምፅ ነበር። አሁን ግን በለቅሶ ተቆራርጧል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ልሩጥ ብልም በዚያ ጉም ወዴት ይሮጣል? ጋሽ ወልዴ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ከዛፎቹ መካከል ብቅ አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎ መሆንዎን አላወቅኩም" አልኳቸው። ይቅርታ እንኳን አልነበረም።

"እኔስ አውቄሻለሁ። ያንቺን ድምፅ የማያውቅ አለ እንዴ?"

"ታዲያ ለምን አሜን አሉ?"

እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "ደርግ ሁለት ዓመት ሲያስረኝ ጌታ ትዕቢቴን የጨረሰው መስሎኝ ነበር" አሉ። "ስፈታ በመታሰሬ መኩራራት ጀመርኩ። ያንቺን ወረቀት ሳነብ እንኳን፣ ልጄ፣ ውስጤን ደስ ብሎት ነበር። ዛሬ የወጣሁት ለዚያ ነው። የምለው ጠፍቶኝ ቆሜ ሳለ ቃሉን አንቺ ሰጠሽኝ።"

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማይክራፎኑን ስነጥቃት ሰናይት እጇን ወዲያው መልቀቋ ታየኝ። አልታገለችኝም ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህን አንድም ቀን አላሰብኩትም።

ስንወርድ፣ እንዲያ ሆኜም አመሌ አልለቀቀኝምና፣ "እገዳው ይነሳልኛል?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"አይነሳም" አሉ ሳቅ ብለው። "እኔም ገና እየተሠራሁ ነው፣ አንቺም ገና ነሽ። እግዚአብሔር የጀመረውን ሥራ እኔ ምን አግብቶኝ አቋርጠዋለሁ? እመኚው፣ አያበላሽሽም።"

መሸኛውን አልጠየቅኩም። በማግስቱ ሰናይትን ፍለጋ ቀበና ወረድኩ። እናቷ "ሰናይት የለችም" አሉኝ። በሌላ ቀን ሄድኩ፣ አሁንም የለችም ተባልኩ። በሦስተኛው ራሷ በሩን ከፈተችልኝ። ይቅርታ ስጠይቃት "እሺ" ብቻ ብላ ዘጋችው።

የቀሩትን ወራት ሕፃን ከታቀፉ እናቶችና ከአርፋጆች ጋር ከኋላ ተቀመጥኩ። በአምስተኛው ወር ሰናይት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። መዝሙሩ ሲጀመር ጆሮዬ ሥር በሙሉ ድምፅዋ ዘመረች። አሁንም ዜማውን ሳተች። እኔም ተከትያት ሳትኩ።

ጋሽ ወልዴ ካረፉ ቆይተዋል። እኔም ከዚያ ወዲህ ከሥራ ተቀንሻለሁ፣ ባሌንም ቀብሬያለሁ። ከእነዚህ "ለምን?" ብዬ እግዚአብሔርን ሳልሞግት ያለፍኩት የለም፤ እንደማያበላሸኝ ግን አምናለሁ። ስድስት ወሩ በዝቷል ብዬ ዛሬም እከራከራለሁ። ከዚያ ውስጥ አንድ ቀን ይቀነስልሽ ብባል ግን፣ የትኛውን ቀን እንደምሰጥ አላውቅም።