የዘጋሁት መጋረጃ

ባለቤቴ ከወንበር ለመነሣት ጠረጴዛውን በሁለት እጇ መደገፍ የጀመረችው በየካቲት ነው፤ ልጃችን ዘጠኝ ወሯ ነበር። እኔ መጀመሪያ ቀለድኩባት። «አንቺ ሴትዮ፣ አረጀሽ እንዴ?» አልኳት። እሷም ሳቀች። በሳምንቱ እዚህ ኖርዌይ፣ ሆልምሊያ ያለውን የቤታችንን ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ሁለት ጊዜ ቁጭ አለች። ያኔ ሳቁ ከሁለታችንም ጠፋ።

አካሄዷ ተለወጠ፤ እንደ ዳክዬ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች ትራመዳለች። ዳሌዋን ያማታል፣ ጎኗን ያማታል። «ይዣት ብወድቅስ?» አለችኝ አንድ ቀን፤ ከዚያ ወዲህ ልጅቷን ቁጭ ብላ ካልሆነ አላቀፈቻትም። እኔ የምሠራው ሄልስፊር አጠገብ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነበር። ካንሰር አጥንታቸው ውስጥ የገባባቸውን ሰዎች አገላብጬ አጥቤያለሁ። ስለዚህ የማስበው እሱን ብቻ ነበር። ስሙን ግን ቤት ውስጥ አልጠራሁም፤ ከጠራሁት የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ ያያት ሐኪም «የወሊድ ድካም ነው» ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘን። በጣም ተናደድኩ። ባቡር ውስጥ «ዘጠኝ ወር ሙሉ የማይለቅ ድካም!» እያልኩ ሳጉተመትም ሰው ዞሮ ያየኝ ነበር። ሌላ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዝኩ። ሽበታም ሴት ናት። የባለቤቴን ቅልጥም በአውራ ጣቷ ጫን ስታደርገው ባለቤቴ ጮኸች። ሐኪሟ የደም ምርመራና የዳሌ ራጅ አዘዘች።

ውጤቱ ሁለት ሳምንት ፈጀ። እኔ እንቅልፍ አጥቼ ሥራ እገባለሁ። የጠዋት ሥራዬ ለአረጋውያኑ ትራን በማንኪያ ማጠጣት ነበር፤ ትራን ፀሐይ በሌለበት ወራት ምትክ የሚሆን የዓሣ ጉበት ዘይት ነው፣ ሽታው እጅ አይለቅም። አንዲት አሮጊት «አንተስ አትወስድም?» አሉኝ። «ናይ፣ አልወስድም፤ እኔ የፀሐይ አገር ሰው ነኝ» ብዬ አሣቅኋቸው።

የቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ «ካንሰር አይደለም» አለች። የባለቤቴ አጥንት ለስልሷል። ካልሲየሟ አንሷል፣ ከአጥንት የሚወጣው ኢንዛይም ከልክ በላይ ነው፣ ራጁ ላይ ዳሌዋ ውስጥ ቀጭን የስንጥቅ መስመር ይታያል፤ ቫይታሚን ዲ ከነጭራሹ የላትም ማለት ይቻላል። መድኃኒት ስትወስድ በጥቂት ወራት ትድናለች፣ ልጇንም ትሸከማለች። እያንዳንዱን ለባለቤቴ ተረጎምኩላት፤ እንባዋ ወረደ። ከዚያ ሐኪሟ መንስኤውን ትፈልግ ጀመር። ወተት ትጠጣለች? ዓሣስ ትበላለች?

«ባለፈው በጋ ፀሐይ ላይ ትወጣ እንደነበር ጠይቃት።»

ልጅቷ የተወለደችው በግንቦት፣ የዚህ አገር በጋ ሲጀምር ነበር። የባለቤቴም የእኔም እናት አገር ቤት፤ ያራስ ጠያቂም አራሽም እኔው። እናቴ በስልክ «አደራ፣ አራሷን ፀሐይ እንዳያገኛት፤ ምች ይመታታል» አለችኝ። እኔ ደግሞ አደራ ስቀበል ማቆሚያ የለኝም። ገንፎውን አገነፋለሁ፣ መጋረጃውን እዘጋለሁ። ከታች ሣሩ ላይ ራቁታቸውን ፀሐይ ላይ የተሰጡትን ኖርዌጆች እያየሁ «እብዶች» እላለሁ። አርባ ቀን አለፈ፣ ሰማንያው አለፈ፤ እኔ ግን አልጠገብኩም። እሷ የመጋረጃውን ጫፍ ገልጣ «ትንሽ ልውጣ» ስትለኝ «አርፈሽ ተቀመጪ፣ ገና ነሽ!» እላታለሁ። «በቃ፣ ውጪ» ያልኳት ጊዜ ጥቅምት ገብቶ ፀሐይዋ ራሷ ሄዳለች።

ጥያቄውን ተረጎምኩላት።

«ፀሐይ አልወድም በላት» አለች ባለቤቴ ቶሎ ብላ፣ እኔን ሳታየኝ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ራሴን ያመኛል በላት።»

ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት።

ወደ ሐኪሟ ዞርኩ። ባለቤቴ ያኔ ኖርዌጅኛው ገና አይገባትም ነበር። «ትወዳለች» አልኩ። «የከለከልኳት እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። ባለቤቴ ክንዴን ነካ አደረገችኝ።

«ምን አልካት?»

«ያልሽኝን» አልኳት።